ስለ አባባ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱም ለቀቅ አድርጎናል።

ባለፈው በስልክ ስለ አያትሽ «አባባ ፖሊስ ነበር እንዴ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ወሬ ቀይሬ ዘጋሁብሽ። አክስትሽ ቤት ያገኘሽውን ፎቶ ከላክሽልኝ ጀምሮ ስሸሽሽ ሰንብቻለሁ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ያስጀመረኝ ቅዳሜ ዕለት ያየሁት ቤት ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመኪናዋ ይዛኝ ወደ ኬሪ ወረደች። ኬሪ የአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው። እዚያ ካሄርሲቪን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወንዙ ዳር አንድ ነጭ ሕንፃ ቆሟል። ማማዎቹ ላይ ሾጣጣ ጣሪያ ደፍቷል። የንጉሥ ቤት ነው የሚመስለው። የፖሊስ ጣቢያ ነበር ሲሉኝ አላመንኩም። ፖሊሶቹ እዚያው ነበር የሚኖሩት፤ እኛ ፖሊስ ካምፕ እንደምንለው ማለት ነው። ዛሬ የአካባቢው ታሪክ ሙዚየም ነው።

የአገሩ ሰው አንድ ጨዋታ አለው። ንድፉ ለሕንድ አገር የተሠራ ነው፣ ወረቀቱ ተለዋውጦ እዚህ መጣ ይላሉ። እውነቱ ግን ኢኖክ ትሬቨር ኦወን የሚባል የመንግሥት አርክቴክት እንዲህ ያለውን አሠራር ይወድ ነበር። ጨዋታው ቢያምርም እኔ የወደድኩት የተሠራበትን ምክንያት ነው።

በ1867 (በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ፌኒያን የሚባሉት ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ አመፅ አሰቡ። ቀኑ በየካቲት ተቆርጦ ነበር። በኋላ ወደ መጋቢት ተዛወረ። የካሄርሲቪን ሰዎች ግን መዛወሩን የነገራቸው የለም። መልእክቱ አልደረሰም። ስለዚህ በፊተኛው ቀጠሮ ብቻቸውን ተነሡ፤ ከሌላው አገር ማንም አልተነሣም። ቶሎም ከሸፈ።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ። ከከተማዋ ፊት ለፊት ቫለንሺያ የምትባል ደሴት አለች። ልክ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1866 ክረምት፣ ከዚያች ደሴት እስከ ካናዳ በባሕር ሥር የቴሌግራም ገመድ ተዘርግቶ ነበር። በመርከብ ከሳምንት በላይ ይወስድ የነበረ ወሬ በደቂቃ አትላንቲክን መሻገር ጀምሮ ነበር። እነዚያ ጎበዞች ግን አጠገባቸው ያ ሁሉ እያለ «ቆዩ፣ ቀኑ ተቀይሯል» የሚላቸው አጡ። ይህን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ።

መንግሥት አመፁንም አይቶ፣ ገመዱንም ፈርቶ ያን ትልቅ ቤት ሠራ። ግንባታው በ1870ዎቹ አጋማሽ አለቀ።

ከዚያ የፖሊሶቹን ፎቶ አየሁ። ጥቁር የሚመስል ደማቅ ያልሆነ አረንጓዴ ነበር ልብሳቸው። ምልክታቸው በገና ነው፣ በላዩ ዘውድ። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እንግሊዞች አልነበሩም። አብዛኞቹ የአየርላንድ ልጆች ናቸው፣ የድሃ ገበሬ ልጆች። ግን አንድ ደንብ ነበረባቸው። በተወለዱበት አውራጃ አይመደቡም። በሚስታቸው አገርም አይመደቡም። ለማግባትም ሰባት ዓመት ማገልገልና የአለቃ ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። ዘመድ እንዳያውቁ፣ እንዳይራሩ። ገበሬ ከመሬቱ ሲነቀል፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ጠመንጃ ይዘው ዳር የሚቆሙት እነሱ ነበሩ።

ይህን ደንብ ሳነብ አባባ ነው የመጣብኝ።

አባባ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን አንድም ቀን አልሠራም። እኔ የተወለድኩት ጎባ ፖሊስ ካምፕ ነው። አጎትሽ ጅግጅጋ ተወለደ። «ዝውውር መጣ» ከተባለ እማማ ሰታቴውንና ሣጥኑን ጭና ትነሣ ነበር። ጓደኛ አፍርቼ ሳልጨርስ እሄዳለሁ። ማታ ማታ አባባ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የቀበቶውን ዘለበት በብራሶ ይወለውላል። መጀመሪያ በጨርቅ ይቀባል፣ ያጠቁራል፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሲያሸው ወርቅ ይሆናል። ፊቴን አይበት ነበር። የብራሶ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

መንግሥት ሲለወጥ፣ በእኛ በ1983 ዓ.ም.፣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት ሰላም የሚሉት ዛሬ አንገታቸውን ያዞሩ ጀመር። አባባ በሰው ላይ ክፉ ሲሠራ አላየሁም። ግን ልጅ ነበርኩ፤ ሥራ ላይ ምን እንደሚውል አላውቅም። ይህንንም ሳልደብቅ ነው የምነግርሽ። አንድ ሌሊት እማማ ካኪውን ጠቅልላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ጨርቅ ሲነድ እንዴት እንደሚሸት! ከዚያ ወዲህ ቤታችን «አባታችሁ ምን ይሠራ ነበር?» ለሚል ሁሉ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብቻ ሆነ መልሱ። እኔም ለአንቺ ያንኑ አወረስኩሽ።

የካሄርሲቪኑም ቤት ተቃጥሏል። ከ1919 ጀምሮ የነፃነት ጦርነቱ ሲፋፋም ሰው ፖሊሶቹን አገለለ፤ የሚሸጥላቸው ባለሱቅ ጠፋ። ከአራት መቶ በላይ ተገደሉ። በ1922 የፖሊስ ሠራዊቱ ፈረሰ። በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን የሰላም ውል የተቃወሙት ወገኖች ሕንፃውን አነደዱት። ሰባ ዓመት ያህል ግድግዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ማፍረስ ይቻል ነበር። የከተማዋ ሰዎች ግን በ1990ዎቹ ራሳቸው አሠሩት፣ ማማውንም መለሱለት። ውስጡ የአመፀኞቹም ታሪክ አለ፣ የፖሊሶቹም አለ፤ ለካቶሊኮች መብት የታገለው የአገሩ ልጅ የዳንኤል ኦኮነል ታሪክም አለ። አንዱን አውጥተው አልጣሉትም። እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ስንመለስ ባልደረባዬ መሪውን እንደያዘች ዝም ብላ ቆየችና «የእኔ ቅድመ አያት ከነዚያ ፖሊሶች አንዱ ነበር» አለችኝ። በሌላ አውራጃ። ቤታቸው ውስጥ ስሙ አይነሣም ነበር አሉ። እሷ የሰማችው አርባ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። «ምን ትሉ ነበር ታዲያ?» አልኳት። «ለመንግሥት ይሠራ ነበር» አለችኝ። እኔም የእኔን ነገርኳት። ለባዕድ ሰው ነግሬ ለልጄ መደበቄ ከነከነኝ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዎ ልጄ፣ አባባ ፖሊስ ነበር። ፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛው እሱ ነው። ኮፍያው ዓይኑን ስለሸፈነው ነው ያልለየሽው።

ቀበቶው አልተቃጠለም። እማማ ዘለበቱን ከምድጃው አስቀርታ በነጠላ ቋጥራ ሣጥኗ ሥር አኖረችው። አሁን አክስትሽ ዘንድ ይመስለኛል፤ ቁም ሣጥኑ ታች፣ የእማማ ጥበብ ቀሚስ ካለበት። አክስትሽ መጀመሪያ «የለም» ትልሻለች። «እማዬ ናት የላከችኝ» በያት። ብራሶ ካጣሽ ሎሚና አመድም ያወጣዋል። ከወለወልሽው በኋላ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ
ኮርክ፣ አየርላንድ