የአደባባይ ዝግጅት ፈቃድ በጽሑፍና በታወቀ ጊዜ ይሰጥ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ የሰፈር ሩጫ፣ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ፣ የበዓል ባዛር ወይም ለችግረኞች ገቢ ማሰባሰቢያ ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?» የሚል ነው። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ሰላምና ጸጥታ፣ ሰላምና ጸጥታ ወደ ፖሊስ ይልከዋል፤ ፖሊስ ደግሞ የወረዳውን ደብዳቤ ይዞ እንዲመጣ ነግሮ ወደ ጀመረበት ይመልሰዋል። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ትራፊክ ማኔጅመንት፣ የመግቢያ ትኬት የሚሸጥ ከሆነ ገቢዎች ይጨመራሉ። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጉዳዩን ማወቅ እንደሚገባቸው አምናለሁ። ለዜጋው የከበደው ግን ምን ማቅረብ እንዳለበት፣ መልሱ በስንት ቀን እንደሚሰጠውና የተሰጠው ወረቀት በዝግጅቱ ዕለት ደንብ አስከባሪው ፊት ዋጋ ይኑረው አይኑረው አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ሕግ አውጪው ጊዜን ቆጥሮ የደነገገበት አርአያ አለን። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲሁም ከመንግሥት የሚፈልገውን ድጋፍ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ቦታው ወይም ሰዓቱ እንዲለወጥ ካስፈለገው ማሳወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ይጠበቅበታል እንጂ ሰልፉ ከነጭራሹ እንዳይደረግ መከልከል አይችልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት ካረጋገጠ በኋላ፣ ከቤት ውጭ የሚደረጉ ስብሰባዎች በሕዝብ እንቅስቃሴ ላይ ችግር እንዳይፈጥሩ ተገቢ ሥርዓት ሊወጣ እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጁ በሥራ ላይ ሲውል ማሳወቅ እንደ ፈቃድ ልመና እየተቆጠረ መምጣቱ አሳዛኝ ነው፤ ቢሆንም ቢያንስ አንድ ዜጋ ጠቅሶ ሊከራከርበት የሚችል የሰዓት ቁጥር በሕጉ ላይ ተጽፏል። ለፖለቲካ ሰልፍ ይህን ያህል የታሰበ ከሆነ መጽሐፍ ለመሸጥ ድንኳን የሚተክል ሰው መልሱን በየቢሮው ደጅ እየጠና የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አባል የሆንኩበት የእድር ኮሚቴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሰፈራችን አረጋውያን መርጃ የሚሆን ዝግጅት ሲያሰናዳ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በእጁ ነበር። በዕለቱ ጠዋት የመጡት ደንብ አስከባሪዎች ግን የደብዳቤው ግልባጭ እንዳልደረሳቸው ገልጸው ወንበሩንና የድምፅ ማጉያውን በመኪና ጭነው ወሰዱ። የተወሰደው ዕቃ የተዘረዘረበት ወረቀት አልተሰጠንም፤ ዕቃው ወደየት እንደሚሄድም የነገረን የለም። ወጣቶቹን መውቀስ አልፈልግም፤ በቃል የታዘዙትን ነው የፈጸሙት፣ የእኛን ወረቀት የሚያመሳክሩበት ሰነድም አልነበራቸውም። ፈቃድ ሰጪው ክፍልና ደንብ አስከባሪው ክፍል አንድ ዓይነት ሰነድ ሳይዙ ከቀሩ በመካከል የሚጎዳው ሕጉን አክብሮ ፈቃድ የጠየቀው ሰው ይሆናል። ሳይጠይቅ ያደረገውና ጠይቆ ያደረገው እኩል ዕቃቸው የሚጫን ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይጠይቃል?

የፈቃድ ዋና ምክንያት የሰው ሕይወት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ረገድ ቁጥጥሩ ከዛሬው የበለጠ እንዲጠብቅ እንጂ እንዲላላ አልጠይቅም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ፣ መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ያለቁት በበዓሉ ሜዳ አጠገብ በነበረ ገደል ውስጥ ወድቀው ነው። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2022 በአንድ ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 159 ሰዎች ሲሞቱ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ አዘጋጅ የሌለው ስብስብ የደኅንነት ዕቅድ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን መቅረቱ ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ሰው በላይ ሲቆም ሰው እንደ ፈቃዱ መንቀሳቀስ እንደሚያቅተው የዘርፉ ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው አካል ቦታው ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጠበቅ፣ መውጫው ስንት እንደሆነና ወደየት እንደሚያወጣ፣ ገደል ወይም ክፍት ቦይ ይኖር እንደሆነ፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በየት በኩል እንደሚገቡ መጠየቅ አለበት። እኔ በደረስኩበት ሁሉ በጥብቅ የተጠየቀው ግን የንግግር አድራጊዎች ስም ዝርዝር ነበር፤ ስለ መውጫ በር የጠየቀን የለም።

በትልልቅ በዓሎቻችን ላይ ይህ ሥራ በአግባቡ ሲሠራ እናያለን። ለደመራና ለጥምቀት የሃይማኖት አባቶች፣ ፖሊስና የከተማው አስተዳደር አስቀድመው ይመክራሉ፤ የሚዘጉትና አማራጭ የሚሆኑት መንገዶች በመገናኛ ብዙኃን ይነገራሉ፤ በጃን ሜዳ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለታቦታቱ መንገድ ሲያስከብሩ የኖሩት በፈቃደኝነት ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመስቀል አደባባይ እያስነሣ ወደዚያው ይመልሳል። ይህ ልምድ ለአነስተኛ ዝግጅቶች በሚመጥን መልክ ተጽፎ ወደ ወረዳ ቢወርድ ብዙ እንግልት ይቀር ነበር።

ስለ ድምፅም መናገር ያስፈልጋል፤ ጎረቤትም መብት አለውና። በአገራችን የድምፅ ብክለት ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ደንብ አስከባሪው መለኪያ ይዞ ቢመጣና ልኬቱን በወረቀት አስፍሮ አንድ ጊዜ ቢያስጠነቅቅ ማጉያውን ነቅሎ ከመውሰዱ በፊት አብዛኛው ጉዳይ በመግባባት ያልቅ ነበር።

ከከተማው አስተዳደር የምጠይቀው ከአቅም በላይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ የተጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ ቦታ መጨረስ እንደሚቻል አሳይቷል። የአደባባይ ዝግጅት ፈቃድም በዚህ መንገድ በአንድ መስኮት ቢስተናገድ፣ ማመልከቻው ሲገባ ቀኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ቢሰጥና በተወሰነው ቀን መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ቢቆጠር ሁለቱም ወገኖች ኃላፊነታቸውን ያውቃሉ። ሁሉም ዝግጅት በአንድ ሚዛን መታየትም የለበትም። ለሺዎች ትኬት የሚሸጥ የሙዚቃ ድግስ ከሳምንታት በፊት የደኅንነት ዕቅድ ማቅረብ ይገባዋል፤ የለቅሶ ድንኳን ግን ሞት ቀጠሮ ስለማይሰጥ እድሩ ለወረዳው በማሳወቁ ብቻ፣ የአምቡላንስ መተላለፊያ እስካልዘጋ ድረስ፣ ሊተከል ይገባል።

ፈቃዱ በተሰጠበት ቀን ግልባጩ ከነቅድመ ሁኔታዎቹ ለደንብ ማስከበር ይድረስ፤ ዕቃ የሚወሰድ ከሆነም ዝርዝሩ፣ የተጣሰው አንቀጽና የሚመለስበት ቦታ ተጽፎ ይሰጥ። ክልከላም ቢሆን በጽሑፍና በምክንያት ሆኖ ከዝግጅቱ ቀን አስቀድሞ፣ ቅሬታ ቀርቦ መልስ ሊያገኝ በሚችልበት ጊዜ ይድረሰን። ቅሬታ ሰሚው ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ «አቤቱታው ተገቢ ነበር» ብሎ ቢጽፍልን የተበተነውን ሕዝብም ሆነ ለድንኳን የወጣውን ገንዘብ አይመልስልንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር ኮሚቴ አባል፣ ከአዲስ አበባ