መናፈሻዎቻችን ውስጥ የድንጋይ ዕጽዋት ይቁሙልን

ሰላም የጋዜጣችን አዘጋጆች፣ ከአራት ኪሎ ነው ምጽፍላችሁ። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ከፒያሳ እስከ እኛ ሰፈር መንገዱ ዳር አምሮበታል፣ ደስ ይላል፣ ግን ሳሩ መሀል ሰው ጠጋ ብሎ በእጁ ሚዳብሰው የድንጋይ ቅርጽ ቢኖር እላለሁ፣ ያውም ከዕጽዋት አበቃቀል የተቀዳ።

ምን ማለቴ እንደሆነ አናናስ ገዝታችሁ እዩት። ቅርፊቱ ላይ ያሉት ዓይኖች እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም፣ ወደ አንድ ጎን እየተጠማዘዙ ሚወጡትን መስመሮች ስትቆጥሩ ብዙ ጊዜ 8፣ ወደ ሌላው ጎን ደግሞ 13 ይሆናሉ። ትልቅ የሱፍ አበባ ላይ 34 እና 55 ይገኛል። ሚገርመው ማንም አልለካላቸውም፣ አዲሱ እምቡጥ ካለፈው ወደ 137.5 ዲግሪ ዞር ብሎ ስለሚወጣ ሁሉም ቦታውን ያገኛል፣ ክፍተት አይተርፍም። እንግሊዛዊው ቀራፂ ፒተር ራንዳል ፔጅ እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ኮርንዎል ውስጥ ላለው ኤደን ፕሮጀክት ለሚባል የዕጽዋት መናፈሻ ከአንድ ወጥ ግራናይት 70 ቶን ሚመዝን ትልቅ ዘር የቀረፀው በዚሁ ስሌት ነው፣ ላዩን የሸፈኑት ጉብታዎች በሙሉ እንደ ሱፍ ፍሬ እየዞሩ ነው የተደረደሩት።

እኛ ደግሞ ለድንጋይ መች እንግዳ ሆነን? ጥያ ትክል ድንጋዮቹ ላይ ከጎራዴው ጋር ቅጠል የመሰለ ምልክት አለ። አሁንም ስንቱ ወጣት ኮብልስቶን ሲጠርብ ኖሮ መሮና መዶሻ እጁ ላይ ነው ያለው፣ እነዚህን ልጆች ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀራፂዎች ጋር ማገናኘት ነው እንጂ ባለሙያ አላጣንም። ሲሚንቶ ላይ ቀለም የተቀባ አበባ ግን በፍጹም አይሁን፣ ክረምቱ ያጥበውና ቀለሙ ይላጣል፣ ጥቁር ድንጋይ ግን ዝናብ ሲነካው ጭራሽ ያምራል፣ ውሃው በተቀረፀው መስመር እየዞረ ሲወርድ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የኔ ምርጫ እሬት ነው፣ ከላይ ሲያዩት ቅጠሎቹ እንዴት እንደሚዞሩ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከፍታውም የልጅ ቁመት ይሁን፣ ከፍ አድርገው አጥር ካጠሩበት ማን ይነካዋል፣ ልጆች ጣታቸውን መስመሩ ውስጥ አስገብተው ይቁጠሩት።

እባካችሁ አዘጋጆች፣ ጠራቢዎቹንና ቀራፂዎቹን አንድ ላይ አነጋግሩና የትኛው ድንጋይ እንደሚሻል፣ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቃችሁ አስነብቡን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ