ቤት ገዝተው ለማከራየት ለሚያስቡ ወገኖች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ በፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእህል ንግድ፣ በዕቁብ ወይም ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ በሚልከው ገንዘብ ጥቂት ጥሪት የቋጠሩ ወገኖቻችን፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በደጀን፣ ቤት ገዝቶ ማከራየትን አስተማማኝ መተዳደሪያ አድርገው እየያዙት ነው። ሐሳባቸውን እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ አብዛኞቹ ምክር ፍለጋ የሚመጡት ገንዘቡ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ገና ላልከፈሉት ነው።

በመጀመሪያ ሂሳቡን ተቀምጦ መሥራት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ቤቱ የተገዛው በ2 ሚሊዮን ብር፣ የወር ኪራዩም 10,000 ብር ነው እንበል። ደላላው «በዓመት 120,000 ብር ይገባል» ይላል፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ነገር ግን ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 10,000፣ ለቀለም፣ ለቆርቆሮና ለቧንቧ ዕድሳት 15,000፣ ለደላላ ደግሞ 5,000 ብር ቢወጣ፣ በእጅ የሚቀረው 90,000 ብር ነው፤ ከዚህም ላይ በገቢ ግብር ሕግ መሠረት የሚታሰበው የኪራይ ገቢ ግብር ገና አልተነሳም። ያ 2 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ በቁጠባ ቢቀመጥ ኖሮ 140,000 ብር ያስገኝ ነበር። በርግጥ የብር የመግዛት አቅም በሚወርድበት ጊዜ የቤት ዋጋ ከፍ ስለሚል ገዢው በዚያ በኩል ሊካስ ይችላል፤ ሆኖም የዋጋ ጭማሪ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም። በተለይ ከቁጠባ ወለድ እጅግ በሚበልጥ የብድር ወለድ ቤት ገዝቶ ዕዳውን በኪራዩ እከፍላለሁ የሚል ጀማሪ፣ ይህን ሂሳብ ከትዳር ጓደኛው ጋር ሆኖ ደጋግሞ እንዲሠራው እለምነዋለሁ።

ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ግን የሰነዱን ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። አንዲት የጤፍ ነጋዴ እናት አንድ ጊዜ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። በወረቀቱ ላይ የሻጭ ፊርማ፣ የሦስት ምስክሮች ስም፣ ከግርጌውም ብዛት ያለው የቀብድ ገንዘብ በፊደልና በአኃዝ ሰፍሯል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ግን የሻጩ ሟች አባት ስም ነበረበት፤ ሻጩ ከአራት ወንድማማቾች አንዱ ሲሆን የቀሩት ሦስቱ ስለ ሽያጩ የሰሙት ነገር አልነበረም። እናቲቱ «ምስክሮቹ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው እኮ» እያሉ ወረቀቱን በመዳፋቸው ደጋግመው ያለሰልሱት ነበር። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ቢሆኑም የወንድማማቾቹን ድርሻ ሊሸጡ አይችሉም።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ሻጭ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን፣ ቤቱ ውርስ ከሆነ ሁሉም ወራሾች መፈረማቸውን፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑንም ከማዘጋጃ ቤት ፋይል ራሱ ሄዶ ያረጋግጥ። ይዞታው የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ የሊዝ ዕዳ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቀብድንም በተመለከተ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውሉን ያፈረሰ ቀብድ ሰጪ የሰጠውን እንደሚያጣ፣ ቀብድ ተቀባይም ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ ያው ሕግ በቁጥር 1885 ደንግጓል። ይሁን እንጂ እጥፉን የማስከፈል መብት ያለው ሰው ገንዘቡን ከባለዕዳው እጅ እስኪያገኝ ብዙ ቀጠሮ ሊመላለስ ስለሚችል፣ ቀብዱን ማሳነስ ከሁሉ ይሻላል።

በከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬት በ«ብድር» ወይም በ«ኪራይ» ስም ተጽፎ ሲሸጥም አያለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስያሜውን በመቀየር የሚድን ውል የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የኪራይ ክፍል የሠራ ሰው ሲፈርስበት ካሳ የሚጠይቅበት ሰነድ አይኖረውም።

ቤቱን ለማየት ደግሞ ከሐምሌ የተሻለ ወር የለም። በጋ ላይ በኖራ ደምቆ የታየ የጭቃ ቤት፣ የጎጃም ክረምት ሲገባ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ያወጣል፣ የግድግዳው እግርም ይርሳል። ገዢ አሸንዳው ውኃውን ወዴት እንደሚጥለው ይመልከት፤ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በቢላዋ ጫፍ ይውጋ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቢላዋው ያለ ችግር ይገባል። የመጸዳጃ ጉድጓዱንና የመብራት ቆጣሪውንም አይርሳ። በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ግቢ በየወሩ ጠብ አያጣውም፤ አንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግር ሌላው አንድ አምፖል ብቻ ያበራልና።

ስለ ኪራይ ውልም ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈላል። «ባሰኘኝ ጊዜ እጨምራለሁ» ብሎ ሂሳቡን የሠራ አከራይ ከሕጉ ጋር ይጋጫል፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነውና። አዋጁ በሚኖርበት ከተማ መተግበሩን ሁሉም አስቀድሞ ይጠይቅ። ባይተገበር እንኳ ተከራይም ልጆች ያሉት ሰው ነውና የሁለት ዓመት ዋስትና ማግኘቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተረጋግቶ የሚኖር ተከራይ ቤቱንም ይንከባከባል።

አቅሙ ውስን ለሆነ ጀማሪ የእኔ ምክር ሁለተኛ ቤት ከመግዛት ይልቅ በገዛ ግቢው፣ በግንባታ ፈቃድ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ እንዲጀምር ነው። ሰነዱ የራሱ ነው፣ ደላላ የለበትም፣ ተከራይ አያያዝንም ከደጁ ሳይርቅ ይማራል።

በመጨረሻም ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ጉዳይ አለ። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ተባዝቶ የሚሸጠው የኪራይ ውል ቅጽ የዕድሳት ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ የመብራትና የውኃ ሂሳብ እንዴት እንደሚከፈል፣ ተከራይ ሲገባ የመስኮት፣ የቁልፍና የቧንቧው ሁኔታ ምን እንደነበረ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ እነዚህን ያካተተ አንድ ገጽ የናሙና ውል ብታትሙልን፣ እኔ በበኩሌ ውል ለማስጻፍ ለሚመጣ ሁሉ ቆርጦ እንዲይዘው አሳያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ