ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ስለተቀየረብኝ የራዲያተር ክዳንና ስለወጣው ቴርሞስታት

ለራዲያተር ጥገና ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ይዤ የመጣሁት ደንበኛችሁ ነኝ። መኪናዋን እኔና አጎቴ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክረምት ፈጅተን ነው የሠራናት። የድሮውን ሞተር አውርደን 4ኤ ሰቀልንባት። የፋብሪካው ራዲያተር ለአዲሱ ሞተር ስላነሰ ባለ ሦስት ረድፍ እንድታደርጉልኝና እንድትገጥሙልኝ 11,500 ብር ከፈልኩ።

እውነቱን ለመናገር የራዲያተሩ ሥራ አያስከፋም። ብየዳው ንጹህ ነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

ቅዳሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት ላይ መኪናዋ ፈላች። ጌጁ ቀዩን ነካ፤ በኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ተነሳ። አንድ የሲኖ ሾፌር ቆሞ ሁለት ጄሪካን ውሃ ሰጠን። «ቶሎ እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ይልጥሃል» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አርባ ደቂቃ ጠበቅን።

ቤት ስመለስ ተራ በተራ አየኋት። ፋኑ ተገልብጦ ይሆናል ብዬ ራዲያተሩ ፊት ወረቀት አስጠጋሁ፤ ስቦ ለጠፈው። ቺንጋው አልላላም። ጋዝ ስሰጥ የታችኛው ማኒኮቶ (የውሃው ጎማ ቱቦ) አይጨማደድም። ዘይቱም ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ አልመሰለም፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተርፏል ማለት ነው።

ከዚያ ክዳኑን አነሳሁ። የኔ አይደለም! የኔው 0.9 (የሚይዘው ግፊት በባር) የተጻፈበት ነው፤ ጫፉ ላይም በእህቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌበት ነበር። ይሄኛው ጎማው እንደ ከረመ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። በግፊት መለኪያ ሞከርኩት፤ መርፌው ገና ሳይወጣ ተመልሶ ይወርዳል። እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ከ100 በላይ እንዲታገስ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካልያዘ ባለ ሦስት ረድፍ ቀርቶ ባለ አሥር ረድፍ ቢሆንስ ምን ይፈይዳል?

እዚህ ከደረስኩ ብዬ የቴርሞስታቱን ቤት ፈታሁ። ባዶ ነው፤ ዙሪያውን ሲሊኮን ተቀብቷል። ስደውልላችሁ «ለኛ አገር ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? ሁሉም አውጥቶ ነው የሚነዳው» ተባልኩ። ሁሉም ያውጣ። የኔ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፍ፣ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት አዲስ ነበር። ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልሞቅ እያለ ቤንዚን ይጠጣል፤ እኔም ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ ነው ብዬ ስነካካው ሰነበትኩ።

ስለዚህ፦ ቀይ ነጥብ ያለው ክዳኔ ይመለስልኝ፤ ከጠፋ 0.9 የሆነ አዲስ ግዙልኝ። ቴርሞስታቱ ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው) በቦታው ይግባ። ዳገቱ ላይ የፈሰሰው አራት ሊትር ኩላንትም በእናንተ ሒሳብ ይሞላ። ለገጠማው ድጋሚ አልከፍልም። ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ይዤ እመጣለሁ፤ ሥራው ሲሠራም አጠገቡ ቆሜ አያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የነጯ ዲኤክስ ባለቤት

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ ቅጂና የክዳኑ ፎቶ