እማዬ፣ ከጥምቀት በኋላ ሦስት ቀን ለጉልበትሽ

ውድ እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አዳማስ እንዴት ናት፣ ንፋሱ በረታ ወይስ ተወት አደረጋችሁ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤው ረዘም ስላለ ሚጡ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። እየዘለለች እንዳታልፍ።

ቪዛሽ ከተመታ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። እዚህ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ እናቶችን አያለሁ፣ አያርፉም። ጠዋት የልጅ ልጅ ያጥባሉ፣ ከሰዓት ወጥ ይሠራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ «የእገሌ እናት መጡ» እየተባለ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በዚህ መሃል ወራቱ ያልቅና ከመጡበት ብሶባቸው ሻንጣቸውን ይዘጋሉ። አንቺ ላይ ይሄ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ሦስት ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እኔና አንቺ ብቻ ነን። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይቆያሉ።

የምንሄደው ዴዘርት ሆት ስፕሪንግስ ወደምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። «ደግሞ በረሃ ምን ልሠራ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ፍል ውሃ አላት እማዬ! ሶደሬን የሚያሞቀው የስምጥ ሸለቆው አይደል? ይቺም ከተማ ያለችው ሳን አንድሪያስ የሚባለው ትልቁ የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። ስንጥቁ የከርሰ ምድሩን ውሃ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ በኩል ሲቆፈር ፍል ውሃ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ቀዝቃዛ። በፈረንጆች 1913 ካቦት የርክሳ የሚባል ሰው እዚያ መሬት ይዞ ሰፈረና የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ቢቆፍር ፍል ውሃ አገኘ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢቆፍር ደግሞ ቀዝቃዛ። በኋላ እንጨቱንም መስኮቱንም ከየቦታው እየለቃቀመ 35 ክፍልና 150 መስኮት ያለው ቤት በእጁ ሠራ። ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ገባ ብለን እናየዋለን።

ባለፈው የካቲት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ ነበር። የሌሊት ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ አረጋውያን ሳነሳ ሳስተኛ ወገቤ ተቆልፎ ነበር የሄድኩት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ የድኝ ሽታ የሚባል የለውም። እስከ አንገቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ማንም አያወራም፣ የሚሰማው የዘንባባው ቅጠል ብቻ ነው። ትከሻዬ ቀስ እያለ ሲላላ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ሶደሬ ላይ ቀሚስሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ፣ እግርሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ፣ በአንድ እጅሽ ዳቦውን ከጦጣዎቹ ስትከላከዪ። ጉልበቴ ቀለለኝ ትዪ ነበር። ይሄን ሙሉ ሦስት ቀን፣ ለማንም ምሳ ሳታቀርቢ እንድታገኚው ነው የምፈልገው።

ግን ልንገርሽ፣ ጠበል አይደለም። የግፊት ኪኒንሽን አንድ ቀንም አታቋርጪም። ሙቅ ውሃ ግፊት ያለበትን ሰው ሊያዞር ስለሚችል ከመምጣትሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። እሱ ከፈቀደ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ትወጫለሽ፣ ውሃ ትጠጫለሽ፣ ጥላ ሥር ጋደም ትያለሽ። ስትገቢም ስትወጪም እኔ እይዝሻለሁ።

ሰው ፊት ልብሴን አላወልቅም እንዳትዪኝ። እጅና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ አለ፣ በልክሽ እገዛልሻለሁ፣ ለፀጉርሽም መሸፈኛ። እዚያ ካሉት ሆቴሎች ብዙዎቹ ጥቂት ክፍል ብቻ ያላቸው ትናንሽ ቤቶች ናቸው፣ ልጅ የማያስገቡም ብዙ ናቸው፣ ጫጫታ የለም። ማብሰያ ያለው ክፍል ስለምይዝ ረቡዕ ሽሮሽን እዚያው እሠራልሻለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪ!

የመረጥኩት ወርም በምክንያት ነው። በበጋቸው፣ በእኛ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት አይታሰብም። በጥር ግን ቀኑ ለስለስ ያለ ነው፣ ማታው ይበርዳል፣ ጋቢሽን አትርሺ። ንፋሱ የአዳማን ያስንቃል። ከተማዋ ልትደርሺ ስትዪ ልክ እንደኛዎቹ ነጫጭ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሜዳውን ሞልተውት ታያለሽ፣ ደስ ይልሻል።

ካልደከመሽ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቷ ፓልም ስፕሪንግስ ሄደን በገመድ የምትሄደዋን ተሽከርካሪ እንሳፈራለን። በፈረንጆች ከ1963 ጀምሮ የምትሠራ ናት፣ በአሥር ደቂቃ ከበረሃው አንስታ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ታወጣሻለች፣ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል። ታች ፀሐይ፣ ላይ በረዶ። ከደከመሽ ግን ይቅር፣ የሄድነው ለዕረፍት ነው።

ገንዘቡን አታስቢ። «ለጣሪያው ይሁን» እንደምትዪ ገብቶኛል፣ የጣሪያው ለብቻው ተቀምጧል። ደግሞም ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ስለምንሄድ ዋጋው ከቅዳሜና እሁድ ይቀንሳል። አምና አክስቴ ስትታመም ሌሊት እየተነሳሽ ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፣ ከዚያ በፊት አባዬን። ማን አሳረፈሽ? አሁን ተራው የኔ ነው፣ እባክሽ እምቢ አትበዪኝ።

ሚጡ የጉልበትሽን ራጅና የመድኃኒቶችሽን ስም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ሐኪምሽ ምን እንዳለ እንደሰማሁ ክፍሉን አስይዛለሁ። ነጠላ ጫማ የማያንሸራትት ይሁን። በርበሬ አታብዢ፣ ሻንጣውን የምትጎትቺው አንቺ ነሽ።

አክስቴን ሳሚልኝ፣ ለጎረቤቶቹ በሙሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ