«ቪፒኤን ጫን» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፦

አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ቪፒኤን ጫን» የሚል ነው። ቪፒኤን ግንኙነትን መስጥሮ በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን የት እንዳመመው ሳይጠይቁ በሽተኛውን መርፌ እንደመውጋት ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ገጽ የሚዘጉበት መንገድ ብዙ ስለሆነ፣ አዘጋጉን ሳይለዩ መፍትሔ መምረጥ ትርፉ ድካም ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ገጹ በእርግጥ መዘጋቱ ይጣራ። በዋይፋይ ያልከፈተውን የሌላ አቅራቢ ሲም ባለው ስልክ በዳታ መሞከር በቂ ነው። በአንዱ ከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ አቅራቢው ያመዝናል፤ በሁለቱም ካልከፈተ ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ራሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። 403 የሚል ቁጥር ከመጣ ከልካዩ ብዙውን ጊዜ የገጹ ባለቤት ነው። 451 ደግሞ «በሕግ ምክንያት ተከልክሏል» ለማለት በ2016 ይፋ የሆነ ቁጥር ነው፤ ዘጊዎች ግን ይህን ያህል ግልጽ መሆን እምብዛም አይወዱም። የስልኩ ቀንና ሰዓት ሲዛባም ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እየተባሉ አልከፈት ይላሉ፤ ይህን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በጣም ርካሹና የተለመደው አዘጋግ በዲኤንኤስ ነው። ዲኤንኤስ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልስ መዝገብ ነው፤ ስልካችንም ሌላ ካልነገርነው የሚጠይቀው የአቅራቢውን መዝገብ ነው። አቅራቢው ታዲያ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብሎ ይዋሻል፣ ወይም «ገጹ ተዘግቷል» የሚለውን የራሱን ገጽ አድራሻ ይሰጣል። ውሸቱን ለመያዝ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት «ኤንኤስሉክአፕ» (nslookup) የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ከገጹ ስም ጋር መጻፍ፣ ከዚያ ያንኑ መጨረሻው ላይ የጉግልን መዝገብ አድራሻ 8.8.8.8 ጨምሮ መድገም ነው። የመጀመሪያው «የለም» ካለ ወይም እንደ 127.0.0.1 ያለ የትም የማያደርስ አድራሻ ከሰጠ፣ ሁለተኛው ግን ደህና አድራሻ ካመጣ፣ ነገሩ ታውቋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ትልልቅ ገጾች በየአካባቢው የተለያየ አድራሻ ስላላቸው፣ የሁለቱ መልስ መለያየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው የአቅራቢውን መዝገብ ለሁሉም ክፍት በሆነ በሌላ መቀየር ነው፦ የጉግል 8.8.8.8፣ የክላውድፍሌር 1.1.1.1፣ የኳድ9 9.9.9.9። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ መቀየር የማይበቃበት ምክንያት በ2014 ቱርክ ውስጥ ታይቷል። በመጋቢት ወር ትዊተር ሲዘጋ ሰዎች 8.8.8.8ን በየግድግዳው ጽፈው ነበር። ብዙም ሳይቆይ አቅራቢዎቹ ወደዚያ ቁጥር የሚሄደውን መንገድ ወደ ራሳቸው ሰርቨር አዞሩት፤ ጉግልን የጠየቀ የመሰለው ሰው መልስ የሚያገኘው ከአቅራቢው ሆነ። ተራው የዲኤንኤስ ጥያቄ በፖርት 53 (ፖርት የግንኙነት በር ቁጥር ነው) ያለ ምስጠራ የሚሄድ በመሆኑ ማን እንደመለሰ ማረጋገጫ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄውም መመስጠር አለበት። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል አለ። እዚያ ቁጥር አይገባም፤ 8.8.8.8 ብለው ጽፈው «አልቀበልም» ያላቸው ሰዎች ጥፋታቸው ይኸው ነው። የሚጻፈው ስም ነው፤ ለጉግል ለምሳሌ «ዲኤንኤስ»፣ ነጥብ፣ «ጉግል» በላቲን ፊደል (dns.google)። ይህ መንገድ የራሱ የሆነ ፖርት 853 ስላለው አቅራቢው ፖርቱን ከዘጋ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ጨርሶ ይጠፋል፤ ያኔ ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ ነው። በብሮውዘር ውስጥ የሚበራው ዓይነት ግን እንደ ማንኛውም ገጽ በፖርት 443 ስለሚሄድ ለይቶ መዝጋቱ ይከብዳል። በፋየርፎክስ ላይ ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ካልተመረጠ፣ ምስጠራው ሲያቅተው ድምፁን አጥፍቶ ወደ አቅራቢው መዝገብ ይመለሳል። ከቅያሬው በኋላ ብሮውዘሩን ዘግቶ መክፈት አይረሳ፤ አሮጌው መልስ ተቀምጦ ይቆያልና።

መዝገቡ ትክክለኛ አድራሻ እየሰጠ ገጹ አሁንም ካልከፈተ ጉዳዩ ሌላ ነው። ግንኙነቱ ሲጀመር ብሮውዘሩ የሚፈልገውን ገጽ ስም ለሰርቨሩ የሚናገረው፣ ምስጠራው ከመጀመሩ በፊት፣ በግልጽ ነው። ይህ ኤስኤንአይ ይባላል። መሀል ላይ የተቀመጠ የአቅራቢው መሣሪያ ስሙን አንብቦ ፓኬቱን (የተላከውን የመረጃ ጥቅል) ይጥላል፣ ወይም «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል የሐሰት ምልክት ለሁለቱም ወገን ይልካል። ምልክቱ፦ ገጹ ወዲያው «ሪሴት ሆኗል» ይላል፣ አለዚያም ሲሽከረከር ቆይቶ ጊዜው ያልፋል። ዲኤንኤስ መቀየር እዚህ ምንም አይጠቅምም። ስሙን ራሱን የሚመሰጥር ዘዴ እየተስፋፋ ቢሆንም፣ ገጹም ብሮውዘሩም ካልደገፉት ዋጋ የለውም፤ የቀድሞውን ዓይነት ደግሞ ቻይና በ2020 እንዳለ ዘግታዋለች።

ሦስተኛው የአይፒ አድራሻን፣ ማለትም ያንኑ የቁጥር አድራሻ፣ መዝጋት ነው፤ ከሁሉም የከፋው የጅምላ ቅጣት። በአንድ አድራሻ ላይ ብዙ ገጾች ስለሚኖሩ ያልተፈለገውም አብሮ ይጠፋል። ሩሲያ በ2018 ቴሌግራምን ለመያዝ ብላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማዞንና የጉግል አድራሻዎችን ዘግታ ምንም የማያገናኛቸው አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል። ቴሌግራም ግን መሥራቱን አላቆመም።

ቪፒኤንም ሆነ ቶር (ግንኙነትን በተለያዩ ጣቢያዎች አዙሮ የሚደብቅ መረብ) ቦታቸው እነዚህ ሁለቱ፣ ኤስኤንአይና አይፒ፣ ላይ ነው። ቪፒኤን የሚያደርገው እምነትን ከአቅራቢው ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ማዛወር ነው፤ ነፃ የሆነው ወጪውን በምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ይገባል። ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት ፈጣን ነው፤ ግን የመጀመሪያ ፓኬቱ ሁልጊዜ 148 ባይት ስለሆነ ለማወቅ ቀላል ነው። እሱ ካልተያያዘ እንደ ተራ ድረ ገጽ በቲሲፒ ፖርት 443 የሚሄድ ወይም መልኩን የሚደብቅ ዓይነት ይሞከር። «ተገናኝቷል» ብሎ ገጽ ካልጫነ በቪፒኤኑ ሴቲንግ ውስጥ ኤምቲዩ የሚባለውን የፓኬት መጠን ከተለመደው 1420 ባይት ወደ 1280 ማውረድ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) በቪፒኤኑ ውስጥ ካላለፈ ደግሞ ከጎን ሾልኮ ይወጣል፤ ተጠቃሚው የተሸፈነ እየመሰለው ይጋለጣል። ቶር በሦስት ጣቢያ ስለሚዞር ዘገምተኛ ነው፤ እሱ ራሱ ሲዘጋ በሴቲንጉ «ብሪጅ» (ስውር መግቢያ) ከሚለው ውስጥ ስኖውፍሌክ ወይም ኦቢኤፍኤስ4 ይመረጣል። ሁሉንም አስቀድሞ መጫን ነው፤ መዝጋት ሲጀመር የቪፒኤን ገጾችም አብረው ስለሚዘጉ። በአንዳንድ አገሮች ቪፒኤን መጠቀም ራሱ በሕግ የተገደበ መሆኑም ይታወቅ። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ከተቋረጠ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይሠራም፤ የሚያልፍበት መንገድ የለምና።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግ። የተዘጋ ገጽ ሲጠየቅ «የምስክር ወረቀቱ ትክክል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ «ቀጥል» ተብሎ የይለፍ ቃል አይጻፍ። የምስክር ወረቀት የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ ነው፤ አቅራቢው ትክክለኛውን መሥራት ስለማይችል ነው ማስጠንቀቂያው የሚመጣው። «ይህን የምስክር ወረቀት ስልክህ ላይ ጫን» የሚል መመሪያ ከመጣማ ይባስ፤ ማስጠንቀቂያውን ራሱን ዝም የሚያሰኝ ነውና። ካዛክስታን በ2019 ዜጎቿን ይህንኑ ጠይቃ፣ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ብሮውዘሮቻቸው ወረቀቱን እንዳይቀበሉ አድርገዋል።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ገጽ ተዘጋ የሚል ዜና ስታወጡ በዲኤንኤስ፣ በኤስኤንአይ ወይስ በአይፒ መሆኑን ጨምሩ። ኡኒ ፕሮብ (OONI Probe) የተባለው ነፃ አፕ ይህን በደቂቃዎች ይለካል፤ ውጤቱንም ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ለካዩ አቅራቢው ማን እንደሆነ አብሮ እንደሚወጣ ግን ከመጀመሩ በፊት ይወቅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኔትወርክ ባለሙያዎች