ወረቀት መምታት አይበቃም፤ አረሩም ይፈተን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ አደን ቱሪዝም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የውጭ አዳኞች ስለሚያመጡት ዶላር በደንብ ተጽፏል። እንዲታደን ስለሚፈቀደው የእንስሳ ቁጥር፣ ስለ ኮታውም እንዲሁ። ስለ ጥይቱ ግን አንድ መስመር እንኳን የለም። እኔ በአርሲና በባሌ ደጋ ከውጭ ከሚመጡ አዳኞች ጋር ዱካ እየተከተልኩ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። እንግዳው ካምፕ እንደደረሰ ጠመንጃውን አስተካከለ። መቶ ሜትር ላይ በተሰቀለ ወረቀት ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱም በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ውስጥ አረፉ። ሁላችንም አጨበጨብን። በማግስቱ ንጋት ላይ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ዳር አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን አገኘን፣ ስልሳ ሜትር ቢሆን ነው፣ ተኮሰ፣ ትከሻውን አገኘው፣ ድምፁን ሁላችንም ሰማን፤ አጋዘኑ ግን አንዴ ተንበርክኮ ተነሳና አስታው ውስጥ ገባ። ቀኑን ሙሉ ፈለግነው። ደሙ ጠብታ ብቻ ነበር። ማታ ዝናብ መጣና እሱንም አጠበው። በሦስተኛው ቀን ያሳዩን ጥንብ አንሳዎች ናቸው።

ቁስሉን ከፍቼ አየሁት። መዳፍ የሚያህል ስፋት አለው፣ ጥልቀት ግን የለውም። አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ በአፈሙዙ የሚወጣው ጫፍ፣ የትከሻውን አጥንት ሲነካ ተበታትኗል፤ ሳንባው ጋ አልደረሰም። ያገኘሁትን ትልቁን ቁራጭ ከተማ ወስጄ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 4 ግራም። ሙሉው አረር 11.7 ግራም ነበር። ሰውየው መጥፎ ተኳሽ አልነበረም። ያ ጥይት በአገሩ ለትንንሽ ሚዳቋ ጥሩ እንደሚሠራ ነግሮኛል፣ አምነዋለሁም። የኛ ወንድ አጋዘን ግን እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን ነው።

ወረቀት የሚፈትነው ዓይንንና እጅን ነው። አረሩ ሥጋና አጥንት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ወረቀት አይነግርህም። ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት ሲያድን፣ እንስሳው በደረቀ ጭቃ ተለስኖ ስለነበር ጥይቶቹ ላይ ላዩን እየተበተኑ አልገባ አሉት። አገሩ ተመልሶ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ እርሳስ ይከፈታል፤ የኋላው ግን በግድግዳው ተይዞ ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠሩት ወጡ። እነዚህ ክብደታቸውን ከሞላ ጎደል እንደያዙ ነው የሚገኙት።

ጥይት በሁለት መንገድ ያታልላል። በቅርብ ርቀት ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ስሱ አረር ይበተናል። በሩቅ ደግሞ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ጠንካራው አረር ሳይከፈት እንደ ወስፌ ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ ያልፋል። የታወቀውን ሠላሳ ዜሮ ስድስት ጠመንጃ እንውሰድ። በ11.7 ግራም አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 640 ይወርዳል። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች በደንብ ለመከፈት ወደ 600 ይፈልጋሉ። ከዚያ ርቆ የሚተኩስ ሰው በዕድል ነው የሚተኩሰው፤ ዕድሉ ሲከዳ ደግሞ የሚሰቃየው እንስሳው ነው።

ፈተናው ውድ አይደለም። ላቦራቶሪ ያላቸው በሥጋ ምትክ አሥር በመቶ ጄላቲን (እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) በ4 ዲግሪ አቀዝቅዘው ይተኩሱበታል። እኛ ጋ ያ የለም፣ ግን ጀሪካን አለ። ውሃ የተሞሉ አምስት ስድስት ጀሪካኖች በሰልፍ ደርድሮ መተኮስ ነው። ወይም አሮጌ ጋዜጣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ከፊቱ ከሉካንዳ የመጣ የበሬ ትከሻ አጥንት ማቆም። እኔ አጥንቱ ያለበትን ነው የምመርጠው፤ ውሃ ብቻውን በጣም ደግ ነው፣ ደካማውንም ጥይት ጥሩ ያስመስለዋል። ከዚያ አረሩን ፈልጎ ማውጣት፣ ስንት ጀሪካን አለፈ፣ ምን ያህል ሰፋ፣ ከክብደቱ ስንት ቀረ ብሎ መመዝገብ። አንዴ በቅርብ፣ አንዴ ደግሞ እተኩሳለሁ ብሎ ካሰበው ርቀት ላይ ሆኖ። ጎሽና ዝሆን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ለነሱ የማይከፈት ድፍን አረር የሚባለው አለ።

ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። በባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በሩቅ ሲተኮስ ከፍ አድርጎ ይመታል። በዚያ ላይ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር በአውሮፕላንና በኮረኮንች መንገድ ተንገላቶ ነው የሚመጣው።

ሌላው የእርሳሱ ነገር ነው። የተበተነ እርሳስ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ደቃቁ ብናኝ ከቁስሉ ርቆ ስለሚገኝ ዙሪያውን ቆርጦ መጣል ብቻ አይበቃም። ሥጋውን የሚበላው የካምፑ ሠራተኛና የአካባቢው ሰው ነው፣ ልጆችም አሉበት። አንጀቱን ጥንብ አንሳው ይበላዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ትልቁ ምክንያት ኮንዶር የሚባለው ጥንብ አንሳ በእርሳስ እየተመረዘ መሞቱ ነው። ባሌ ላይ የሚያንዣብቡት የኛዎቹስ?

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሰዎች ፈቃድ ሲሰጡ የጠመንጃውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የአረሩንም ዓይነትና ክብደት ይጠይቁ። እንግዳው ካምፕ በገባበት ቀን በወረቀቱ ጎን ጀሪካኑም ይሰለፍ፤ የማይዘልቅ ጥይት የያዘ ሰው ቀይሮ ይምጣ፣ ካልሆነም ፎቶ አንስቶ ይመለስ። ውሃውን እኛ እንቀዳለን። ያቺ 4 ግራም ቁራጭም እጄ ላይ አለች፤ ማየት ለሚፈልግ ይዣት እመጣለሁ።

አንድ ዱካ ተከታይ፣ ከባሌ